ስለ አየር ጠመንጃ፤ ክፍሎቹን በቤት ውስጥ በእጅ የማደስና የማስጌጥ ልማድ

ጠመንጃ ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ባሩድ ነው። ነገር ግን ባሩድ የማይጎርስ፣ እሳትና ጢስ የሌለው፣ ጥይቱን በታመቀ አየር ግፊት ብቻ የሚወረውር ሌላ ዓይነት ጠመንጃ አለ፤ እርሱም የአየር ጠመንጃ ይባላል። ይህ መሣሪያ ብዙ ሰዎች እንደሚገምቱት ለልጆች መጫወቻ ተብሎ በቅርብ ጊዜ የተፈለሰፈ አይደለም። በስቶክሆልም ከተማ በንጉሣዊው የጦር ዕቃ ቤተ መዘክር የሚገኝ አንድ የአየር ጠመንጃ በ1580 ገደማ እንደ ተሠራ ይገመታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1780 ገደማም ባርቶሎሜዎ ጂራርዶኒ የተባለ ጠመንጃ ሠሪ የፈለሰፈው፣ 20 ያህል ጥይት በተከታታይ የሚተኩሰው የአየር ጠመንጃ ለኦስትሪያ ሠራዊት ታድሎ ነበር። ሉዊስና ክላርክ የተባሉት አሜሪካውያን መንገደኞችም ከ1804 እስከ 1806 ድረስ የሰሜን አሜሪካን ምድር አቋርጠው ሲጓዙ አንድ የአየር ጠመንጃ ይዘው፣ በየደረሱበት ለአገሬው ሕዝብ እየተኮሱ ያሳዩ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን የመሣሪያውን ታሪክ መተረክ አይደለም። በእንግሊዝ አገርና በሌሎችም የአውሮፓና የአሜሪካ አገሮች፣ ከፋብሪካ ተሠርቶ የወጣውን የአየር ጠመንጃ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ፈትቶ፣ እንጨቱን ፍቆ ዘይት የሚያጠጣበት፣ ብረቱን ወልውሎ የሚያጠቁርበት፣ ያረጀውን ክፍል በእጁ ሠርቶ የሚተካበት አንድ ልማድ አለ። ሠሪዎቹ በሙያቸው ጠመንጃ ሠሪዎች አይደሉም፤ ከመካከላቸው አስተማሪ፣ የባቡር ሠራተኛ፣ የቢሮ ጸሐፊ፣ ጡረተኛም አለ። የሥራ ቦታቸው ከቤት በስተኋላ ያለች ትንሽ የእንጨት ጎጆ ናት፤ እርሷም የሌለችው ሰው የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይጠቀማል። ለሥራቸው ደመወዝ አይቀበሉም። የሰውን ልጅ የኑሮ ልማድ ለሚመረምር ሰው ይህ ነገር እንደ ተራ ጊዜ ማሳለፊያ ሊታለፍ አይገባውም፤ መኪና አንድ ጊዜ የጨረሰውን ዕቃ የሰው እጅ ለምን ሁለተኛ ጊዜ እንደሚሠራው የሚያስጠይቅ ነውና።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኝበት ቦታ በርሚንግሃም ከተማ ነው። በዚያ ከተማ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን «የጠመንጃ ሰፈር» የሚባል መንደር ነበር፤ ስሙ ዛሬም ቀርቶለታል። በዚያ ሰፈር አንድ ጠመንጃ በአንድ ሰው እጅ ተጀምሮ በአንድ ሰው እጅ አያልቅም ነበር። ቧንቧውን የሚቀጠቅጠው ሌላ፣ ውስጡን የሚሰረስረው ሌላ፣ የመተኮሻውን ስልት በሞረድ የሚያስተካክለው ሌላ፣ ሰደፉን የሚጠርበው ሌላ፣ ቪቴውን የሚሠራው ሌላ፣ በብረቱ ላይ ሐረግ የሚቀርጸው ሌላ፣ የሚወለውለው ሌላ፣ በመጨረሻም ብረቱን የሚያጠቁረው ሌላ ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ በየቤቱ ወይም በየጓሮው ተቀምጦ የድርሻውን ከፈጸመ በኋላ ዕቃው በልጆች ተሸክሞ ወደሚቀጥለው ቤት ይተላለፋል። ከተማይቱ ከ1813 ጀምሮ የራሷ የቧንቧ መፈተኛ ቤት ስለ ነበራት፣ ማኅተም ያላረፈበት ቧንቧ ለገበያ እንዲወጣ አይፈቀድለትም ነበር። ከሰፈሩ የሚወጣውም ጠመንጃ እስከ አፍሪካ ዳርቻ ድረስ ይሸጥ ነበር።

ይህን የእጅ ሥራ ሥርዓት ያናጋው መኪና ነው። በ1861 ጥቂት የከተማይቱ ጠመንጃ ሠሪዎች ተባብረው በመኪና የሚሠራ ትልቅ ፋብሪካ አቆሙ፤ ይህም ኋላ በብስክሌትና በሞተር ሳይክል ጭምር ስሙ የታወቀው ቢ.ኤስ.ኤ. የተባለው ኩባንያ ነው። ሊንከን ጄፍሪስ የተባለ የዚያው ከተማ ጠመንጃ ሠሪ በ1904 ያስመዘገበውን የአየር ጠመንጃ ከ1905 ጀምሮ በብዛት የሠራው ይኸው ፋብሪካ ነበር። ዌብሊና ስኮት የተባለው ሌላው የበርሚንግሃም ኩባንያም በ1924 የአየር ሽጉጥ አወጣ። በዚያን ጊዜ በመካከለኛው የእንግሊዝ አውራጃዎች በየመጠጥ ቤቱ አንድ የውድድር ጨዋታ ተስፋፍቶ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ከስድስት ያርድ፣ ማለት ከአምስት ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ቆመው፣ በብረት ሰሌዳ ላይ በተበሳች የጣት ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ውስጥ ጥይት ያሳልፋሉ፤ ያሳለፈ እንደ ሆነ ከሰሌዳው በስተኋላ ያለው ደወል ይጮኻል። የአየር ጠመንጃ በሠራተኛው ሕዝብ ዘንድ የተወደደው በዚህ ምክንያት ነው። ዋጋው መጠነኛ፣ ድምፁ ዝቅተኛ፣ ጥይቱም ርካሽ ነበረ።

እንግዲህ ዛሬ በጓሮው ጎጆ ተቀምጦ የአያቱን ጠመንጃ የሚያድስ ሰው ምን እያደረገ እንደ ሆነ ከዚህ ታሪክ መረዳት ይቻላል። በጠመንጃው ሰፈር ለብዙ ሰዎች ተከፋፍሎ የነበረውን፣ ኋላም መኪና የጠቀለለውን ሥራ እርሱ ብቻውን እንደ ገና ሰብስቦ ይሠራል። ጠራቢም፣ ሞራጅም፣ ወልዋይም፣ አጥቋሪም እርሱ ነው። ከጥንቱ የበርሚንግሃም ሠራተኞች መካከል ይህን ሁሉ ሙያ በአንድነት የያዘ ሰው እጅግ ጥቂት ነበረ። ስለዚህ ልማዱ የድሮው ዘመን ቅሪት ነው የሚለው አስተያየት ልክ አይመስልም፤ መሣሪያውና ስልቱ የድሮ ቢሆንም የሥራው አኳኋን አዲስ ነው።

ወደ ሥራው ዝርዝር ከመግባት በፊት የመሣሪያውን አሠራር ባጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። በጣም የተለመደው የአየር ጠመንጃ በውስጡ ሲሊንደር፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስቶን፣ ከፒስቶኑም በስተኋላ ጠንካራ ሞላ አለው። ተኳሹ ቧንቧውን ወደ ታች ሲሰብር ወይም ማንሻውን ሲስብ ሞላው ተጨምቆ ይያዛል። ምላጩ በተሳበ ጊዜ ሞላው ይፈናጠራል፤ ፒስቶኑ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ከፊቱ ያለው አየር ባንድ አፍታ ታምቆ የእርሳሱን ጥይት በቧንቧው ውስጥ ይነዳዋል። የጥይቱ ስፋት ብዙውን ጊዜ 4.5 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከውጭ የሚታዩት ክፍሎች ሁለት ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ብረቱና እንጨቱ። የአዳሹም ድካም የሚውለው በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

በእንጨቱ እንጀምር። ለሰደፍ የሚመረጠው እንጨት ዋልነት የሚባለው ነው። ቀለሙ ቡና ዓይነት ሆኖ፣ ጥቁር ጅማት በውስጡ ይሄዳል፤ ከደረቀ በኋላ አይጣመምም፤ ድንጋጤም ይችላል። ይሁን እንጂ ዋጋው ውድ ስለ ሆነ ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ ቢች የተባለውን ነጣ ያለ እንጨት ጠርበው በጥቁር ቀለም ይቀቡትና ቫርኒሽ ያለብሱታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቫርኒሹ ይሰነጠቃል፤ ይላላጣልም። የአዳሹ የመጀመሪያ ሥራ ይህን ልባስ ማንሳት ነው። የሚያነሳውም በመድኃኒት አልስልሶ ወይም በስለታም ብረት ቀስ አድርጎ ፍቆ ነው። ሰደፉ ተመትቶ የጎደጎደበት ቦታ ቢኖር አይፋቅም፤ እርጥብ ጨርቅ ይደረግበትና የጋለ ካውያ ከላይ ይጫናል። እንፋሎቱ ወደ ውስጥ ሲገባ የተጨፈለቀው ጅማት ያብጥና ወደ ቦታው ይመለሳል። በመምታት የጎደጎደ ይመለሳል፤ ተቆርጦ የጎደለ ግን አይመለስም። ይህን ለይቶ ማወቅ የጀማሪና የለመደ ሠራተኛ መለያ ነው።

ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይመጣል። በዚህ ላይ ልምድ ያለው ሠራተኛ አይቸኩልም። እንጨቱን ለስልሶ ካየው በኋላ ሆን ብሎ በውሃ ያርሰዋል፤ ሲደርቅ ተኝተው የነበሩት ጥቃቅን ጭረቶች እንደ ጢም ብቅ ብቅ ይላሉ፤ እነርሱን በደቃቅ ወረቀት ያነሳቸውና እንደ ገና ያርሰዋል። ይህ ሦስትና አራት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ብቅ የሚል ነገር ይጠፋል። ይህን ሳያደርግ ዘይት የቀባ ሰው በመጀመሪያው ዝናብ ቀን ሰደፉ እንደ ከርዳዳ ጨርቅ ሻክሮ ያገኘዋል። ወረቀቱም በባዶ እጅ አይያዝም፤ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ነው፤ አለዚያ የሰደፉ ጠርዝ ይዶለዱምና መልኩን ያጣል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ዘይት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የተልባ ዘይት ነው። ተልባ በእኛ አገር ተቆልቶና ተወቅጦ በጾም የሚጠጣ፣ ከእንጀራም ጋር የሚበላ እህል ነው እንጂ ለእንጨት የሚታሰብ አይደለም። አውሮፓውያን ግን ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ለሥዕል ቀለምና ለእንጨት ሥራ ይገለገሉበታል። የዚህ ዘይት ጠባይ ከወይራ ዘይት የተለየ ነው። በውሃ መትነን ዓይነት አይደርቅም፤ ከአየር ውስጥ ኦክሲጅን እየወሰደ እርስ በርሱ ይተሳሰርና ጠጣር ልባስ ይሆናል። የእኛ አገር ሴት አዲሱን ምጣድ በጎመን ዘር ስታሟሸው የምታደርገው ከዚህ ጋር የተቀራረበ ነገር ነው፤ በዚያ ፍጥነቱን የሚሰጠው እሳት ሲሆን በዚህ ጊዜና አየር ነው። እንግሊዛውያን ጠመንጃ ሠሪዎች በዘይቱ ውስጥ አልካኔት የተባለ ተክል ሥር ዘፍዝፈው ቀይ ቀለም ያወጡ ነበር፤ ዛሬም ይህን የሚያደርጉ አሉ።

ዘይቱ የሚቀባው እጅግ በስሱ፣ በመዳፍ እየታሸ ነው። መዳፍ በሙቀቱ ዘይቱን ወደ እንጨቱ ያስገባዋል። ስለ ጊዜው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ አንድ ደንብ አለ፤ ይኸውም በቀን አንድ ጊዜ ለአንድ ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ወር፣ በወር አንድ ጊዜ ለአንድ ዓመት፣ ከዚያም በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ለዕድሜ ልክ የሚል ነው። ደንቡን ቃል በቃል የሚፈጽም ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ትርጓሜው ግልጽ ነው። ሥራው አለቀ የሚባልበት ቀን የለም ማለት ነው። ፋብሪካ ሊያደርገው የማይችለውም ይህን ነው፤ የመኪና ጊዜ በገንዘብ ይቆጠራልና ለአንድ ሰደፍ አንድ ዓመት አይሰጠውም።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ አንድ አደጋ ግን በግልጥ መነገር ይኖርበታል። ዘይቱ የተወለወለበት ጨርቅ ተጨማድዶ በአንድ ጥግ የተጣለ እንደ ሆነ፣ ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሐድ የሚያወጣው ሙቀት መውጫ ያጣና እየጨመረ ሄዶ ጨርቁ ማንም ሳይለኩሰው ይነዳል። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ የእንጨት ሥራ ቤቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጨርቁ በደጅ ተዘርግቶ መድረቅ ወይም በውሃ ተነክሮ በብረት ዕቃ መቀመጥ አለበት።

በሰደፉ መያዣ ላይ የሚታየው እንደ ወንፊት የተፈተለ ጭረትም በእጅ የሚሠራ ነው። እጅ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው እርሱ ነው። በአንድ ኢንች ውስጥ 18፣ 20 ወይም 22 መስመር ይገባል፤ ሁለት አቅጣጫ መስመሮች ሲሻገሩ በመካከላቸው ጥቃቅን የአልማዝ ቅርጽ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ጥቂት ቢዛነፉ ስሕተቱ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ እየሰፋ ይሄዳልና ብዙ ሰዎች በቁራጭ እንጨት ላይ ወራት ሲለማመዱ ይቆያሉ። ሰደፉን ለባለቤቱ ሰውነት ማስማማትም ሌላ ሥራ ነው። ፋብሪካ የሚሠራው ለመካከለኛ ቁመትና ለቀኝ እጅ ነው። ክንደ ረጅሙ ከሰደፉ ጫፍ ላይ ጉማ ወይም ቁራጭ እንጨት ይጨምራል፤ ክንደ አጭሩ ያሳጥራል፤ ግራኙ ደግሞ ጉንጩ የሚያርፍበትን ጎን ወደ ሌላው ያዞራል። ከማስጌጡ ሁሉ ይልቅ በእውነት የሚጠቅመው ምናልባት ይህ ነው።

የብረቱ ሥራ ከእንጨቱ ይበልጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። የጠመንጃ ብረት ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ቀለም ተቀብቶ አይደለም፤ የራሱ የብረቱ ቆዳ ተለውጦ ነው። ነገሩን ለማስረዳት ስለ ዝገት መናገር ያስፈልጋል። ብረት እርጥበት ባገኘው ጊዜ ቀይ ዝገት ያወጣል፤ ይህ ዝገት ልል ስለ ሆነ ከሥሩ ያለው ብረት እየተበላ ይሄዳል። ነገር ግን ቀዩ ዝገት በፈላ ውሃ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ወደ ጥቁር ዝገት ይለወጣል፤ ይህኛው ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የሚቀር፣ ዘይትም የሚይዝ ነው። የጥንቶቹ አጥቋሪዎች ጥበብ በዚህ ላይ የቆመ ነበር። ብረትን ከዝገት የሚያድኑት በዝገት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ብረቱ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ይህ ሲደረግ ወረቀቱ ጠጣር ነገር ሊደገፍ ይገባዋል። በሚሽከረከር መወልወያ ላይ የተያዘ ብረት ፈጥኖ ያበራል፤ ነገር ግን ጠርዙ ይዶለዱማል፤ የቪቴው ቀዳዳ አፍ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል፤ የፋብሪካው ስምና ቁጥርም ይደበዝዛል። የተበላሸ እድሳት ከሩቅ የሚታወቀው በዚህ ነው። ቀጥሎ የቧንቧው ሁለት አፍ በእንጨት ውታፍ ይደፈናል፤ የሲሊንደሩም ውስጥ ከአሲድ ይጠበቃል። ከዚያም ብረቱ ከማናቸውም ቅባት ይነጻል። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ወዝ ባረፈበት ቦታ ነጭ ምልክት ይቀራልና። የሚያዝገው አሲድ እጅግ በስሱ ይቀባና ብረቱ እርጥበት ባለበት ሣጥን ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ይቀመጣል። ቀይ አቧራ የመሰለ ዝገት ሲለብስ አውጥቶ በንጹሕ ውሃ (የዝናብ ውሃ ወይም የተጣራ ቢሆን ይመረጣል) ከ10 እስከ 20 ደቂቃ መቀቀል ነው። ቀዩ ዐይን እያየ ወደ ጥቁር ከፋይ ይለወጣል። ልሉ ጥቁር በደቃቅ የብረት ሱፍ ሲጠረግ ከሥሩ ቀጭን ግራጫ ልባስ ይገኛል። ይህ ሁሉ አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ስምንት ጊዜ ይደጋገማል፤ በየጊዜው ቀለሙ እየጠለቀ ይሄዳል። በመጨረሻ ዘይት ይጠጣል።

በቤት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ስልት የሚመርጡት ለውበቱ ብቻ አይደለም። ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ፈጣን ስልት ብረቱን በኮስቲክ ሶዳና በናይትሬት ጨው ድብልቅ ውስጥ በ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መዝፈቅ ነው። በዚህ ሙቀት ላይ ያለ ኮስቲክ አንዲት ጠብታ ውሃ የወደቀችበት እንደ ሆነ ፈንጥቆ ዐይን ያጠፋል፤ በቆርቆሮ ብየዳ የተያያዘውንም ክፍል ያላቅቀዋል። ከዚህ ሌላ በጠርሙስ የሚሸጥ፣ በጨርቅ ተነክሮ የሚቀባ ቀዝቃዛ ማጥቆሪያ አለ። በውስጡ ሴሌኒየምና መዳብ አለበት፤ በደቂቃዎች ያጠቁራል። ነገር ግን መርዝ ስለ ሆነ ጓንትና ነፋስ የሚገባበት ክፍል ይፈልጋል፤ ልባሱም ቶሎ ይፋቃል። ለአንዲት ቪቴ ወይም ለትንሽ ጭረት ይበቃል፤ ለቧንቧ ግን አይመከርም። ከዚንክ ወይም ከአሉሚኒየም በቅርጽ የፈሰሱ ክፍሎችን በተመለከተ፣ እነዚህ የብረት ዝገት ስለማያወጡ በቀለም ከመቀባት በቀር ብዙ መንገድ የላቸውም።

ቪቴዎች ትንሽ ናቸው ተብለው አይናቁም። በማይመጥን ካቻቢቴ የተፈቱ ቪቴዎች አናታቸው ይቦጫጨቃል። ደግ አዳሽ ካቻቢቴውን በሞረድ እየሳለ ለእያንዳንዱ ቪቴ ልክ ያስተካክላል፤ የተበላሸውንም በሞርሳ ይዞ ያለሰልሰዋል ወይም አዲስ ይሠራል። በእንግሊዝ ምርጥ ጠመንጃዎች ላይ የቪቴዎቹ ስንጥቅ ሁሉ ከቧንቧው ጋር በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ይገኛሉ። ይህ ለተኩሱ ምንም አይጨምርም፤ ሠሪው ማን እንደ ሆነ ለሚያውቁት የሚናገር ምልክት ነው።

ውስጡን ስለሚመለከተው ሥራ ጥቂት ቃል ይበቃል። በድሮዎቹ ጠመንጃዎች የፒስቶኑ ራስ ላይ የሚሆነው መድፈኛ ከቆዳ የተሠራ ነበር። ቆዳው ሲደርቅ አየር ያሳልፋል፤ አዳሹም አዲስ ቆዳ ቆርጦ፣ በውሃ አርሶ፣ በቅርጽ ውስጥ አድርቆ፣ በሞራ ወይም በዘይት አጥግቦ ይተካዋል። እዚህ ላይ የማዕድን ዘይት ማብዛት ክፉ ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር በጣም ስለሚግል ዘይቱ እንደ ናፍጣ ሞተር ይነድና ሞላውንም መድፈኛውንም ይጎዳል። ሞላውን ማውጣትም በልዩ መጭመቂያ ካልሆነ አደገኛ ነው፤ በቦታው ሳለ እንኳ በከፊል እንደ ተጨመቀ የሚኖር ስለ ሆነ ክዳኑ በድንገት ሲፈታ እንደ ጥይት ይወጣል። ምላጩን የሚይዙት ጥርሶች ደግሞ ጠንካራነታቸው በላይኛው ስስ ቆዳ ብቻ ነው፤ ያን ቆዳ በሞረድ ያነሳ ሰው ጠመንጃው ሳይነካ የሚተኩስ ይሆንበታል። ብዙ ዕውቀት ያላቸው አዳሾች ምላጭን አይሞርዱም፤ ያጸዱታል እንጂ።

በዚህ ሥራ ላይ ሕግም ገደብ አድርጓል። በእንግሊዝ በ1969 በወጣው ደንብ መሠረት ከ12 ፉት ፓውንድ፣ ማለት ከ16.3 ጁል ገደማ በላይ ኃይል ያለው የአየር ጠመንጃ ያለ ልዩ ፈቃድ ሊያዝ አይችልም፤ ለሽጉጥ ገደቡ የዚህ ግማሽ ነው። በስኮትላንድ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ዝቅተኛ ኃይል ያለውም ጭምር ፈቃድ ይጠየቅበታል። በጀርመን ያለ ፈቃድ የሚያዘው ኃይሉ ከ7.5 ጁል ያልበለጠው ነው። አዳሹ አዲስ ሞላና አዲስ መድፈኛ ባስገባ ጊዜ ሳያስበው ከገደቡ ሊያልፍ ይችላል። ለምሳሌ 0.55 ግራም የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 240 ሜትር ቢሄድ ኃይሉ 15.8 ጁል ነው፤ 250 ሜትር ቢሄድ ግን 17.2 ጁል ይሆናል። በአሥር ሜትር ልዩነት ብቻ አንድ ሰላማዊ ሰው በቤቱ ሳለ ወንጀለኛ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ክሮኖግራፍ የተባለው የፍጥነት መለኪያ ከሞረድና ከብርጭቆ ወረቀት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገኝ ዕቃ ሆኗል።

በእነዚህ ሰዎች መካከል ያላለቀ አንድ ክርክር አለ። ጥንታውያን ጠመንጃዎችን የሚሰበስቡ ሰዎች ያረጀ ዕቃ መነካት የለበትም ይላሉ። የደበዘዘው ጥቁረት፣ በሰደፉ ላይ ያለው ጭረት፣ የሦስት ትውልድ መዳፍ ያጠቆረው መያዣ፣ እነዚህ ሁሉ ለእነርሱ ታሪክ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከተፋቁ አይመለሱም፤ ዋጋውም ይወድቃል። አዳሾቹ በበኩላቸው ጠመንጃ የተሠራው ሊተኮስበት ነው፣ ዝገት የያዘውን ብረት ታሪክ ነው ብሎ ማየት ዕቃውን እንዲሞት መፍረድ ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገን ፍሬ ነገር አለው። ጥቂት ቁጥር ብቻ የተሠራ፣ የመጀመሪያ ልባሱ ያልጠፋ የ1905 ጠመንጃ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ማየት ያሳዝናል። በሌላ በኩል በመቶ ሺህ ከተሠሩት መካከል አንዱ፣ በእርጥብ ምድር ቤት ተጥሎ የበሰበሰ፣ በእድሳት ቢድን ማንም የሚጎዳ የለም። ክርክሩን የሚያከርረው ብዙ ጊዜ ዕቃው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ሳይመረመር መጀመሩ ነው።

ለእኛ አገር አንባቢ ሌላ ነጥብ ይታየዋል። በኢትዮጵያ ደጋ አገሮች ጠመንጃ ከፍ ያለ ክብር ነበረው። የፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» በአገራችን አንደበት ውጅግራ ተብሎ በፉከራና በሽለላ ሲወደስ ኖሯል፤ ባለቤቱም ወልውሎ፣ አሳምሮ ይይዘው ነበር። ነገር ግን ብረት ቀጥቅጦ የሚሠራው ሰው ከዚህ ክብር ድርሻ አልነበረውም፤ ቀጥቃጭ እየተባለ ይናቅ፣ በቡዳነትም ይታማ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ እስከ ማወጅ የደረሱት ይህ ልማድ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። መሣሪያውን መያዝ ክብር፣ መሥራቱ ግን ነውር ነበረ። በበርሚንግሃም ጓሮ የሚገኘው የቢሮ ጸሐፊ በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞረድ ሲይዝ ግን ጎረቤቱ ይቀናበታል እንጂ አይንቀውም። ይሁን እንጂ ነገሩን በጥልቀት ሲመለከቱት በዚያም አገር የጥንቱ አጥቋሪና ሞራጅ ድኻና ስሙ የማይታወቅ ሰው ነበረ። በጠመንጃው ላይ የሚቀረጸው የነጋዴው ስም ነበር እንጂ የእርሱ አልነበረም። ክብሩ የመጣው ሥራው መተዳደሪያ መሆኑ ቀርቶ ፈቃድ ከሆነ በኋላ ነው። ይህን ልብ ሳይሉ ሁለቱን አገሮች ማወዳደር ያሳስታል።

ከአዳሾቹ አንዳንዶቹ የሰደፉን ጫፍ መሸፈኛ ፈትተው፣ ከውስጥ ማንም በማያየው ቦታ ስማቸውንና ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ ጠመንጃ በስጦታ ወደ ቤተ መዘክር በሚገባበት ጊዜ መዝጋቢው መሸፈኛውን ሳያስፈታ የዕቃውን ካርድ ባይሞላ ይሻላል። በካርዱም ላይ የፋብሪካው ስም፣ የተሠራበት ዘመንና ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ክፍል የመጀመሪያው እንደ ሆነ፣ የትኛው እንደ ተተካ፣ ጥቁረቱ በዝገት ይሁን በሴሌኒየም፣ ሰደፉም ቫርኒሽ ይሁን የተልባ ዘይት የለበሰው ተለይቶ ይጻፋል፤ ከውስጥ የተገኘው የእርሳስ ጽሕፈትም እንዳለ ይገለበጣል።